ልምጣ ወይስ ልቆይ?

የአክስቴ ልጅ አንድ ዓመት ከመንፈቅ ሙሉ ያልተመዘገበበት ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነበር። ሰፈሩ ተማሪነቱን ያውቃል። ዕድሩ ያውቃል። እናቱ ለንስሐ አባቷ ሳይቀር ነግራለች። ቤሩት የነበረችው እህቱ ሥራው ሲያንገሸግሻት "ወንድሜ አርክቴክት ሊሆን ነው" እያለች ራሷን ታጽናና ነበር።

ነገሩ ከወጣ ወዲህ ወሬው ሁሉ ስለ ገንዘቡ ነው። ስንት ተላከለት፣ ላፕቶፑ ስንት ወጣበት፣ ለቤት ኪራይ ብሎ ስንት ወሰደ። እኔን እንቅልፍ የሚነሳኝ ግን ገንዘቡ አይደለም። አንድ የስልክ ጥሪ ነው። መስከረም 17 ቀን 2017፣ የመስቀል ዕለት ማታ። እዚያው ክፍል ውስጥ ነበርኩ። በጆሮዬ የሰማሁት ነገር ምን እንደነበረ የገባኝ ግን ከወራት በኋላ ነው። ከገባኝ ወዲህ አልለቀቀኝም።

ስማቸውን አልጽፍም። ቤት ውስጥ እንደምንጠራቸው ማሙሽና ሚሚ ልበላቸው። ይህን እንድጽፍ ሚሚ ፈቅዳልኛለች። ማሙሽም "ጻፊው" ብሎኛል።

## 3.3 በመቶ

ማሙሽ የ12ኛ ክፍል ፈተና የወሰደው፣ ፈተናው ለመጀመሪያ ጊዜ በዩኒቨርሲቲ ግቢዎች ውስጥ በተሰጠበት ዓመት ነው። ጥር 2015 ውጤት ሲነገር አገሩ እንዴት እንደሆነ ታስታውሳላችሁ። ከተፈተነው 900 ሺህ ገደማ ተማሪ ውስጥ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጣው 30 ሺህ አልሞላም። 3.3 በመቶ። በየቤቱ ለቅሶ ነበር። ማሙሽም ከብዙኃኑ ጋር ወደቀ። ውጤቱ ግን ለሪሚዲያል፣ ላላለፉ ተማሪዎች ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ለሚሰጠው የማካካሻ ትምህርት፣ በቃው። ሐዋሳ ደረሰው።

አክስቴ እንጀራ ጋግራ የምታከፋፍል ሴት ናት። ማሙሽ የሚሄድ ዕለት ዳቦ ጋገረች፣ በሶ አዘጋጀች፣ ጎረቤት ጠርታ አስመረቀችው። ሪሚዲያል ምን እንደሆነ በደንብ የገባት አይመስለኝም። ለእሷ ልጇ ዩኒቨርሲቲ ገብቷል፤ በቃ።

ከጥቂት ወራት በኋላ የሪሚዲያሉ ውጤት መጣ። አላለፈም። ያን ቀን ለሚሚ በኢሞ የላከላት የድምፅ መልእክት እስካሁን ስልኳ ላይ አለ። አሰምታኛለች። ከኋላው ባጃጅ ያልፋል። ማሙሽ እየሳቀ "አለፍኩ ሚሚዬ! ፍሬሽማን ገባሁ!" ይላል። ድምፁ ውስጥ የሚዋሽ ሰው ብፈልግ አጣሁ። ደጋግሜ ሰማሁት፤ የሰማሁት የተደሰተ ልጅ ብቻ ነው።

በኋላ ስጠይቀው "ለሁለት ሳምንት ብቻ ነበር ያሰብኩት" አለኝ። የግል ኮሌጅ ማታ ተመዝግቦ ነገሩን ሊያስተካክል። አምነዋለሁ። ለሁለት ሳምንት አስቦ ነው የጀመረው።

"ስንቅና ውሸት እያደር ይቀላል" ይላሉ አባቶች። የማሙሽ ውሸት ግን እያደር ነው የከበደው። ምክንያቱም እያንዳንዳችን የየራሳችንን ዕቅድ ጫንንበት። አክስቴ የቤቷን ጣሪያ ማሳደስ "ማሙሽ ሲመረቅ" ብላ አሳደረችው። ሚሚ ወደ አገር መመለሷን ከእሱ ትምህርት ጋር አሰረችው። ልጁ አንድ ቃል ተናገረ፤ እኛ ኑሯችንን በዚያ ቃል ላይ አደራጀን።

## ሐዋሳ ላይ ምን ይሠራ ነበር?

ሰው ይህን ሲሰማ መጀመሪያ የሚጠረጥረው ጫት ቤትና ውርርድ ቤት ነው። ማሙሽ ግን አንዱም ጋ አልዋለም። የአሉሚኒየም በርና መስኮት የሚሠራ ቤት ተቀጥሮ ይሠራ ነበር። ፕሮፋይል ይቆርጣል፣ መስታወት ይገጥማል። ማታ ማታ ሚሚ በገዛችለት ላፕቶፕ ከዩትዩብ ላይ አውቶካድና ስኬችአፕ ይማራል።

ይህ ልጅ ከሕፃንነቱ ጀምሮ ቤት ይሥላል። የሒሳብ ደብተሩ ጀርባ ሁሌ ቤት ነው። "ለእማዬ ጂ ፕላስ ቱ እሠራለሁ" ይል ነበር፣ የአክስቴ ቤት የጭቃ ግድግዳው እየተላጠ ሳለ። ላፕቶፑ ላይ ያለውን ሥዕል አሳይቶኛል። ምድር ቤቱ ላይ ሦስት ምጣድ ጎን ለጎን። ከላያቸው የጭስ መውጫ። የአክስቴ ዓይን በጭስ እንደሚቃጠል ስለሚያውቅ ነው። ከመንገዱ በኩል ደግሞ ትንሽ መስኮት አለች፤ እንጀራ የሚወስዱት ሰዎች ግቢ ሳይገቡ የሚቀበሉባት። የመስኮቷ ከፍታ በእናቱ ቁመት ነው የተለካው። እንዲህ ያለውን ነገር የሚያስብ ልጅ ሕልሙ የውሸት ነው ብዬ ለመናገር አፌ አይደፍርም።

ግን ውሸቱ አንድ ቦታ አልቆመም። ለአሉሚኒየም ቤቱ ባለቤት "ማታ ዩኒቨርሲቲ አርክቴክቸር እማራለሁ" አለው። ሰውየው አምኖ ደንበኛ ጋ ይዞት መሄድ ጀመረ። አንድ ጊዜ ለአንድ ሕንፃ የፊት ለፊት ዲዛይን "ባለማኅተም ኢንጂነር ጓደኛ አለኝ" ብሎ ቃል ገባ። ጓደኛው የለም። ማኅተሙም የለም። ባለቤቱ የተቀበለውን ቀብድ መለሰ፤ ደንበኛውን አጣ።

እዚያው ከተማ የምትማር የሴት ጓደኛም ነበረችው። ለእሷም ተማሪ ነበር። ሌላም ነገር ነግሯታል፤ "እህቴ ካናዳ ናት" ብሎ። እያንዳንዱን ሽሮና እያንዳንዱን ካርድ የሚከፍለው ቤሩት ሰው ቤት ወለል የምታጥብ ሴት ላብ ነው። እሱ ግን ያቺን ሴት ካናዳ አደረጋት። ከሁሉም ውሸቶቹ ይሄኛውን ለመስማት ነው አቅም ያጣሁት።

## ስቱዲዮ ጀመርን

2016 ክረምት ላይ ማሙሽ ደወለ። "ዲፓርትመንት ደረሰኝ፤ አርክቴክቸር!" አለ። አክስቴ ቤት እልልታ ሆነ። ቡና ተፈላ፣ ፈንዲሻ ተበተነ። የሚሚ ኮንትራት ያን ጊዜ አልቆ ነበር። ልትመጣ ነበር። ትንሽ የውበት ሳሎን ልትከፍት ስታጠራቅም የቆየች ልጅ ናት፤ ቦታውን ሳይቀር አስመርጣኛለች። አርክቴክቸር አምስት ዓመት መሆኑን ስትሰማ ኮንትራቷን አራዘመች። ሐምሌ 22 ደግሞ ብሩ በገበያ እንዲወሰን ተለቀቀ። ባንክ ላይ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንት ውስጥ ከ100 በላይ ገባ። በባንክ ነበር የምትልከው። "አሁንማ መቆየቱ ያዋጣል" አለችኝ።

ከዚያ መስቀል መጣ። እኛ ቤት የዓመቱ ትልቁ በዓል ነው። ያን ዓመት ዓርብ ላይ ስለዋለ ክትፎው ለቅዳሜ ቆይቶ የጾሙ ቀርቦ ነበር። ማሙሽ ከሐዋሳ መጥቷል። አዲስ ሸሚዝ ለብሶ፣ ለእናቱ ነጠላ ይዞ። ምሽት ላይ ዜናው ደረሰን፤ እስራኤል የቤሩትን ደቡባዊ ሰፈር፣ ዳሂዬን፣ ክፉኛ ደብድባለች። አክስቴ ስልኩን ደጋግማ ሞከረች። አይነሳም። ቡናው ቶና ላይ ሲደርስ ሚሚ ራሷ ደወለች።

የሚሚ ሰፈር ዳሂዬ አይደለም። ድምፁ ግን ይደርሳል። ማዳሟ ልጆቿን ይዛ ወደ ተራራው ሸሽታ ነበር። ከመሄዷ በፊት የሚሚን ፓስፖርት አውጥታ ሰጠቻት፤ "ብትፈልጊ ሂጂ፣ ብትፈልጊ ቤቱን ጠብቂ" ብላ። በዚያ ሰሞን ስንት እህቶቻችን ፓስፖርታቸው ተቆልፎባቸው ኮርኒሽ በሚባለው የባሕር ዳር መንገድ ላይ፣ መናፈሻ ውስጥ፣ ሜዳ ላይ አድረዋል። ሚሚ ከእነሱ አንፃር መምረጥ ትችል ነበር። ፓስፖርቷ እጇ ላይ ነው። የትኬት ገንዘብ አላት። ይህን ያዙልኝ፤ ያን ማታ ሚሚ መምጣት ትችል ነበር።

ስልኩ ላውድ ላይ ነው። አክስቴ ታለቅሳለች። "ነይ በቃ ልጄ፣ ገንዘቡ ገደል ይግባ!" ትላለች። ሚሚ "እማዬ አትጨነቂ፣ እስቲ ማሙሽን ስጪኝ" አለች።

ማሙሽ ስልኩን አልተቀበለም። ካለበት ጎንበስ አለ። እጁ ላይ ባዶ ስኒ አለ፤ በአውራ ጣቱ ጠርዙን ያሻሻል።

"ማሙሽዬ፣ ሳትደብቀኝ ንገረኝ። ልምጣ ወይስ ልቆይ? እኔ ብመጣ ትምህርትህ ይቋረጣል?"

"እንደፈለግሽ ሚሚዬ" አለ። ትንሽ ዝም ብሎ ቆየ። "ግን ዘንድሮ ወጪው ከባድ ነው። የዲዛይን ስቱዲዮ ጀመርን።"

ከሷ በኩል የሆነ ነገር ዱም ሲል ተሰማ። አክስቴ ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች። ሚሚ እስትንፋሷን ሰብስባ "እሺ። እቆያለሁ። አንተ ብቻ ተማርልኝ" አለች።

ቆየች። ኅዳር 18 ተኩስ አቁሙ እስኪጀምር ድረስ ከሁለት ጎረቤት ሴቶች ጋር የሕንፃው ደረጃ ሥር ፍራሽ ዘርግታ አደረች። አሁንም ሰፈር ውስጥ በር ሲወረወር ትነሳለች፤ በእጇ ያለውን ትጥላለች።

እኔ ያን ማታ ምን እንዳሰብኩ አስታውሳለሁ። "ደግ ልጅ ነው፤ እንደፈለግሽ አላት" ብዬ ነበር ያሰብኩት።

## "ሠራተኛችን ተጎድቷል"

የካቲት 2017 የአሉሚኒየም ቤቱ ባለቤት አክስቴ ጋ ደወለ። መስታወት ሲያወርዱ ተሰብሮ የማሙሽን የቀኝ እጅ ጅማት ቆርጦታል። "ሠራተኛችን ተጎድቷል፤ ቤተሰብ ይምጣ" አለ። አክስቴ የሰማችው "ሠራተኛችን" የሚለውን ነው። "ተሳስተሃል ወንድሜ፣ የእኔ ልጅ ተማሪ ነው" አለችው። ሰውየው ስሙን ከነአባቱ ጠራላት።

አብሬያት ሄድኩ። መንገዱን ሙሉ አንድ ቃል አልተናገረችም። ዝዋይ ላይ ወርደን ውኃ ገዛሁላት፤ እጇ ላይ ይዛው ደረሰች።

ሆስፒታል ስንገባ ማሙሽ ገና ሲያያት ማልቀስ ጀመረ። ስለ ትምህርቱ ትጠይቀዋለች፣ ስለ ገንዘቡ ትጮህበታለች ብዬ ፈርቼ ነበር። አንዱንም አላነሳችም። አጠገቡ ቁጭ አለችና፣

"የመስቀል ዕለት እህትህ ስትጠይቅህ ተማሪ አልነበርክም?" አለችው።

"አልነበርኩም።"

"ሪሚዲያሉ ካለቀ ጀምሮ?"

"አዎ እማዬ።"

ብርድ ልብሱን እስከ ደረቱ ሳበችለት። ከዚያ ወጥታ ኮሪደሩ ላይ ግድግዳ ተደግፋ ቆመች። እኔ ያን ጊዜ ነው ነገሩ የገባኝ። እኛ ሁላችን የዩኒቨርሲቲውን ውሸት ስናይ፣ እሷ በቀጥታ የሄደችው ወደዚያች ማታ ነው። የትኛው ውሸት የማን እንደነበረ ወዲያው ለየችው።

ከዚያ ወዲህ ደጋግሜ አስቤበታለሁ። ማሙሽ መጀመሪያ ሲዋሽ ራሱን ነው የደበቀው። አፈረ። በ900 ሺህ ሰው መካከል የወደቀ የ18 ዓመት ልጅ ዳቦ ተጋግሮለት፣ ተመርቆ፣ ባዶ እጁን መመለስ ከበደው። ይህን መረዳት እችላለሁ። የመስቀሉ ማታ ግን ሌላ ነው። ሚሚ ያን ማታ ስለ እሱ አልነበረም የጠየቀችው። ስለ ራሷ ሕይወት ልትወስን ነበር። ለውሳኔዋ አንድ ነገር ማወቅ ፈለገች። እሱ በዚያች አንድ ነገር ምትክ የሌለ ስቱዲዮ ሰጣት። የመረጠች መስሏት እንጂ አልመረጠችም። ምርጫዋን እሱ ወስዶባታል፣ እሷ በፈቃዴ ነው እያለች።

ገንዘብ ይመለሳል። ማሙሽ እየመለሰም ነው። ሚሚ ደረጃ ሥር ያደረችባቸውን ሌሊቶች ግን በምን ይመልሳል? ሰው ለሕልሙ የራሱን ዕድሜ ይከፍላል። ማሙሽ የከፈለው የእህቱን ነው።

## የሚከራከሩኝ ዘመዶች

አጎታችን "ጫናው ነው ልጁን ያበላሸው" ይላል። እውነት አለው። እኛ አገር ዩኒቨርሲቲ ያልገባ ልጅ እንደ ሰው አይቆጠርም። እንግዳ ሲመጣ የመጀመሪያው ጥያቄ "የት ገባ?" ነው። ልጁም ስልኩን ሲከፍት ሌላ ዓይነት ጫና ይጠብቀዋል፤ እስኪሳካልህ ድረስ እንደተሳካለት ሰው ኑር የሚሉ የማነቃቂያ ንግግሮች። ማሙሽ እነዚህን ሰዎች በቃሉ ነው የሚያውቃቸው። በእውነት ተናድጄባቸዋለሁ። እንደተሳካለት ሰው ስትኖር ወጪውን ማን ይሸፍናል? ይህን ሲያነሱ ሰምቼ አላውቅም።

ጫናው ግን የመስቀሉን ማታ አያስረዳልኝም። ያን ማታ ከእናቱ አፍ የወጣው "ገንዘቡ ገደል ይግባ" የሚል ነው። ሁሉም ሰው በሩን ከፍቶለት ነበር። "እህቴ፣ ነይ" ብሎ ዝም ማለት ይችል ነበር። እውነቱን እንኳን ባይናገር፣ ሌላ ውሸት መዋሸት ይችል ነበር፤ "ስኮላርሺፕ አገኘሁ፣ ነይ" ብሎ። ቢያንስ እሷን ያወጣት ነበር።

"በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም" ይባላል። የሚያንገበግበኝ መድኃኒቱ ቅርብ መሆኑ ነው። ድራፍቲንግ የሚያስተምር ቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ አዲስ አበባ ውስጥ አለ። አጎታችን ራሱ ኮንስትራክሽን ላይ ነው የሚሠራው፤ በአንድ ስልክ ሳይት ላይ ያስገባው ነበር። ሐምሌ 2015 ላይ "ወደቅሁ" ቢል አንድ ሳምንት እናዝን ነበር። ከዚያ አክስቴ ትቆጣለች፣ ሚሚ ታለቅሳለች፣ አጎቴ ስልክ ይደውላል። እኛ ቤት ነገር የሚፈታው እንዲህ ነው። እያንዳንዱን ነገር ካወቅን በኋላ ደግሞ ልክ እንዲህ ነው የተፈታው፤ ከሁለት ዓመት ገደማ በኋላ፣ በተቆረጠ እጅ።

## አሁን

ሚሚ ሰኔ 2017 ተመለሰች። ማሙሽ አዲስ አበባ አንድ አሉሚኒየም ቤት ይሠራል። እጁ ድኗል፤ ትንሿ ጣት ብቻ አትታጠፍም። ሲቀጠር "12ኛ ክፍል ነኝ፣ ሪሚዲያል ወድቄያለሁ" ብሎ ነው የገባው። ማታ ድራፍቲንግ ይማራል። አክስቴ የክፍያ ደረሰኙን ትጠይቃለች፤ እሱም ሳይከፋው ያሳያል። ከሐዋሳዋ ልጅ ጋር ተለያይተዋል። እሷ ዩኒቨርሲቲውን ስትሰማ ነው የተወችው፤ ካናዳውን ግን እስካሁን አልነገራትም።

እህትና ወንድም አንድ ቤት ይኖራሉ። ይበላሉ፣ ይጠጣሉ፤ "ጨው አቀብለኝ" ከማለት ያለፈ ወሬ የላቸውም። አክስቴ ሽማግሌ ይቀመጥ እያለች ነው። ንስሐ አባቷ ይመሩታል፣ አጎቴ ይገኛል፣ እኔም ከሚሚ ጎን እንድቀመጥ ትፈልጋለች። "ሞት አለ ልጄ፤ እንዲህ ተኮራርፈው አንዳቸው ቢሞቱስ?" ትለኛለች። ይገባኛል። እናት ናት።

ሚሚን ምን ትፈልጊያለሽ ብዬ ጠየቅኋት። ይቅርታ ይሆናል ብዬ ገምቼ ነበር። "ይቅርታማ እግሬ ላይ ወድቆ ብሎኛል" አለችኝ። "ለዚያች ልጅ ደውሎ እህቴ ቤሩት ሰው ቤት ነበረች ይበላት። ስሜንም ይንገራት። ካናዳ ያለችው ሌላ ሰው ናት፤ እሷን እኔ አላውቃትም።"

ለማሙሽ ነገርኩት። ፊቱ ቀላ። "እሷ ጋ መደወል ለምን አስፈለገ? ተለያይተናል እኮ" አለ። ለእናቱ እውነቱን አምኗል፤ ለአሠሪው አምኗል፤ ለአጎቱ አምኗል። ይቺን አንዷን ግን እስካሁን አልደወለም።

ባለፈው እሁድ አክስቴ ደግማ ስትጠይቀኝ፣ ማሙሽ ያን ስልክ እስኪደውል ድረስ ሽማግሌ ፊት እንደማልቀመጥ ነገርኳት። ተቀይማኛለች። ሚሚ ግን ሳሎን የሚሆን ቤት ለማየት ነገ አብሬያት እንድሄድ ጠይቃኛለች።